የቺን-ፋ ስንብት

ውድድሩ እየተካሄደ ሳለ ታንግ ብዙም ሥራ የለበትም። አሥራ ስድስቱ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች የሚጫወቱት ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ሜዳ የለም፣ ኳስ የለም፣ ተጫዋቾቹም ከስምና ከቁጥር በቀር የሉም። ፕሮግራሙ ማታ ማታ ያጫውታቸዋል፣ ጠዋት ውጤቱን ያወጣል፣ ባለቡድኑም ቁርሱን እየበላ ወይ ይስቃል ወይ ይሳደባል። መከራው የሚመጣው ውድድሩ ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ፣ ማን ከየት ይምጣ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይደክማል። ታንግ በዚህ ሐምሌ የደከመውን ያህል ደክሞ አያውቅም።

አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ኪሉንግ ከተማ ውስጥ አሳንሰር ይጠግናል፤ አሳንሰር ጠጋኝ ደግሞ ከማንም በላይ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነው፣ የሚጠራው ሲበላሽ ብቻ ነዋ። እናቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ቤት ሲገባም ሥራ ይጠብቀዋል። ሚስቱ ዩ-ሁዋን ቀን የሕፃናት ማዋያ ወጥ ቤት ውስጥ ስትሠራ ውላ ማታ አማቷን ታጥባለች። በዚህ ሁሉ መሀል «የኪሉንግ ጫኞች» የሚባል፣ የትም የሌለ ቡድን ማስተዳደር እብደት ነው ቢባል ታንግ አይከራከርም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ይዞታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የያዘውን ነገር ሰው እንዲሁ አይጥልም።

ቡድኑን ያቋቋመው ከታላቅ ወንድሙ ከቹዋን ጋር ነው። ሊጉ ሲመሠረት እያንዳንዱ ቡድን አንድ የፈለገውን ሰው ፈጥሮ እንዲያስገባ ተፈቅዶ ነበር። አንዱ ራሱን አስገባ፣ ሌላው የጥርስ ሐኪሙን አስገባ። ወንድማማቾቹ ያስገቡት አባታቸውን ነው። አባታቸው ዮው ቺን-ፋ በወጣትነታቸው ለወደቡ ጫኞች ቡድን ተጫውተዋል፤ ሰባት ቁጥር ለባሽ፣ ጎበዝ አቀባይ፣ ከቡድኑ ሁሉ አጭሩ። ልጆቹ ቁመት ሳይሰስቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት አደረጓቸው፣ ዕድሜያቸውንም ወደ አሥራ ዘጠኝ መለሱት። ሽማግሌው ኮምፒውተሩን አይተው፣ «ይሄ ቀውላላ ደግሞ ማነው?» አሉ። «እርስዎ ነዎት አባባ» ሲባሉ፣ «በሉ እናታችሁ እንዳታየው፤ ይቆጫታል» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ያ የኮምፒውተሩ ቺን-ፋ አሁን አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ከድቶታል፤ በጨዋታ ሦስት ደቂቃ ገብቶ አንድ ኳስ አቀብሎ ይወጣል። ፕሮግራሙ ለማንም አያዝንም፣ በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ሰው ላይ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። የእውነተኛው ቺን-ፋ ነገር ካበቃ ደግሞ አራት ዓመት ሆነው።

ጫኞቹ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከዋንጫው አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ወድቀዋል፤ ምክንያቱም ሁሌ አንድ ነው፣ ረጅም ሰው የላቸውም። በዚህ ዓመት ባይ ሆንግ የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ውሉን ጨርሶ ቡድን ይፈልግ ነበር። ሁለት ሜትር ከአሥራ አንድ! ታንግን ጨምሮ ሦስት ቡድኖች ጠይቀውት፣ ልጁ ወደ ኪሉንግ ያዘነብላል። ነገር ግን አንድ ቡድን ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ መያዝ አይችልም፤ ከጫኞቹ አሥራ ሁለት መሀል ደግሞ አሥራ አንዱ ያስፈልጋሉ።

ቺን-ፋን ማሰናበት ቀላል አይደለም። የሊጉ ደንብ፣ አሥር ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ቡድኑ ሁለት ባለቤቶች ካሉት በሁለቱም ፈቃድ ካልሆነ አይሰናበትም ይላል። «ሁለት እጅ» ይሉታል። ደንቡን ያመጡት ራሳቸው ወንድማማቾቹ ናቸው፤ አንዳችን ተናደን አባባን እንዳንሸጣቸው ብለው እየሳቁ። ሁለተኛው እጅ አሁን ያለው ዶንግጓን ነው፣ ከባሕሩ ማዶ፣ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ። ቹዋን ለእናቱ በየሳምንቱ ይደውላል። ለታንግ ግን ከአባታቸው ቀብር ወዲህ አንድም ቀን ደውሎ አያውቅም።

ሐሙስ ቀትር ላይ ታንግ አንድ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ የአሳንሰሩ ሞተር ያለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሩዝ ምሳውን እየበላ ለሱ-ሊን ደወለ። ሱ-ሊን ዪላን ውስጥ የመነጽር ሱቅ ያላት፣ ሊጉን ከተመሠረተ ጀምሮ የምትመራ ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጣቸው ሁሉም እትዬ ይሏታል።

«እትዬ ሱ-ሊን፣ ለአንድ ዓመት ብቻ አሥራ ሦስተኛ ሰው ብትፈቅጂልኝስ?»

«ላንተ ፈቅጄ ለአሥራ አምስቱ ምን ልበል?»

«ለነሱ አትንገሪያቸዋ።»

«ውይ! እኔ መቼ ሚስጥር ጠብቄ አውቃለሁ? አፌ ወንፊት ነው።» ሳቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድምህን ጠይቀው እንጂ ታንግ። ስልኩ አይበላህም።»

«እጠይቀዋለሁ።»

«ደግሞ ምን አስቸኮለህ? ጊዜ አለህ እኮ።»

ጊዜ አለህ! ታንግ ይህን ቃል የሚሰማው ሁልጊዜ ጊዜ ካላቸው ሰዎች ነው። አመስግኖ ዘጋ።

የቸኮለበት ምክንያት የሙታን ወር ነው። ሰባተኛው የጨረቃ ወር ሲገባ የሙታን በር ይከፈታል፤ ያ ወር እስኪያልቅ ማንም ቤት አይገዛም፣ ማንም አያገባም፣ ውል አይፈርምም። ሊጉም እንደ አገሩ ነው፤ በሩ ሲከፈት ዝውውሩ ይዘጋል፣ ያልተፈረመ ሳይፈረም ይቀራል፣ ቡድን ያላገኘ አዛውንት ተጫዋችም ከመዝገብ ይሰረዛል። ታንግ በአምስተኛው ወር የጀልባ እሽቅድምድም በዓል ከዋለበት ቀን ተነስቶ በጣቱ ቆጠረ፦ አምስተኛው ወር አለቀ፣ ስድስተኛው ዛሬ ያልቃል፣ በሩ ነገ ይከፈታል። ቀን መቁጠሪያ አላየም። የደከመ ሰው የሚያውቀውን ነገር መልሶ አያይም።

ስልኩ ላይ የወንድሙን ቁጥር አወጣ። ሩዙ እስኪቀዘቅዝ አየው። ከዚያ የሊጉን ገጽ ከፍቶ በራሱ ስም ሳይሆን በቹዋን ስም ገባ። የይለፍ ቃሉን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያወጣለት ራሱ ነው። ቹዋን ለውጦት ቢሆን ደስ ባለው ነበር፤ እንቢ ቢለው፣ ስህተት ነው ቢለው፣ እፎይ ብሎ ምሳውን በጨረሰ። ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ። «ዮው ቺን-ፋ እንዲሰናበት ይስማማሉ?» ይላል። በወንድሙ እጅ «እስማማለሁ» አለ፣ ወጣ፣ በራሱም እጅ «እስማማለሁ» አለ፣ ባይ ሆንግንም አስፈረመ። ሁሉም አራት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ተነስቶ የሞተሩን ቀበቶ ቀየረ።

በማግስቱ ጠዋት ዩ-ሁዋን ወጥ ቤት ቆማ ሁለት የአሳማ እግር ትቀቅል ነበር፤ አጠገቡ ቀጭን ኑድል ተዘጋጅቷል።

«የማን ልደት ነው?» አላት ታንግ።

«የማንም። ከሥራ መልስ ለአባቴና ለእናቴ ላደርስላቸው ነው።»

«የአሳማ እግር? በሙታን ወር መጀመሪያ?»

ዩ-ሁዋን ማንኪያዋን ይዛ ዞራ አየችው። «የምን የሙታን ወር? አንተ ሰውዬ ያለኸው የት ነው? ዘንድሮ ስድስተኛው ወር ሁለት ነው። ዛሬ ሁለተኛው ገባ። ወር ሲደገም ያገባች ሴት ልጅ ለወላጆቿ የአሳማ እግር ካልወሰደች ዕድሜያቸው ያጥራል ይባላል፤ እናቴ ደግሞ ከጠዋቱ ጀምራ ሦስት ጊዜ ደውላለች።»

የጨረቃ አቆጣጠር እንዲህ ነው፤ ቀኑ ሲያጥርበት እንደ ጳጉሜ አምስት ቀን አይለጥፍም፣ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ሙሉ ወር ይደግማል። ይህን ታንግ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያም በቀይ ጽፎታል። የሙታን በር የሚከፈተው ገና ከሃያ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

«ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ» አለችው ዩ-ሁዋን።

ነገራት። እሷ ስለ ቅርጫት ኳስ የምታውቀው ነገር የለም፤ ስለ ባሏ ግን ሁሉንም ታውቃለች። እሳቱን ቀነሰች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች። «የቀብሩ ጊዜም እንዲሁ ነበር ያደረግከው።»

ታንግ ሱ-ሊን ጋ ደወለ። እሷም የምትችለው ነገር አልነበረም፤ ያሰናበተ ቡድን ያሰናበተውን ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት መልሶ መውሰድ አይችልም፣ ተንኮል እንዳይሠራ የወጣ ደንብ ነው። «ፕሮግራሙ ለኔም አይታዘዘኝም» አለችው። «አሁን የሚያድነው ሌላ ቡድን ከወሰደው ነው።» ታንግ እያፈረ በሊጉ የጋራ መልእክት ገጽ ላይ አንድ ደግ ሰው ለአንድ ዓመት እንዲያስጠጋለት ጻፈ። አንዱ፣ «የሽማግሌ መጦሪያ አልከፈትንም» ብሎ መለሰ። ሌላው የከዘራ ሥዕል ላከ። ቀልድ ነበር፤ ከመሀላቸው ያ ሰባት ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያስታውስ ስለሌለ አይፈረድባቸውም።

ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ። ቹዋን ነበር። ፕሮግራሙ ለተስማማ ሰው ሁሉ የማረጋገጫ ኢሜይል እንደሚልክ ታንግ ረስቶት ነበር።

«በኔ እጅ ፈረምክ» አለ ቹዋን። ሰላምታ የለም።

«ቀኑ የተሳሳተብኝ ነው... በሩ የሚከፈት መስሎኝ...»

«እንኳን ቀኑ ተሳሳተብህ። ባይሳሳትብህም ታደርገው ነበር። ያኔ ተሳስተህ ነው?»

ያኔ ማለት አባታቸው የሞቱ ጊዜ ነው። ወረርሽኙ ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ሆቴል ውስጥ አሥራ አራት ቀን ተዘግቶበት ይቆይ ነበር። ቹዋን በሰማበት ቀን ተነስቶ መጥቶ፣ ከኪሉንግ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ ተቆለፈ። ቀን የሚመርጡት ሽማግሌ ለቀብሩ ሁለት መልካም ቀን ሰጡ፦ አንዱ ረቡዕ፣ ሌላው ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ። ቹዋን የሚወጣው ዓርብ ነበር። ታንግ ረቡዕን መረጠ። በቀብር ላይ የአባትን የስም ሰሌዳ የሚሸከመው የበኩር ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን የተሸከመው ታንግ ነው፣ ቹዋንም ሆቴል አልጋ ላይ ተቀምጦ ቀብሩን በስልክ አየ።

«ስማኝ» አለ ቹዋን። «ሱ-ሊንን አነጋግሬያታለሁ። የታይቱንጉ ቡድን ባለቤት የለውም፤ ሰውየው ካገባ ወዲህ ኮምፒውተሩ ብቻውን ነው የሚያስተዳድረው። እሱን እወስዳለሁ። ቺን-ፋን እኔ አስፈርመዋለሁ።»

«ታይቱንግ? አራት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው?»

«አዎ፣ እሱ። ግን አንድ ሰው በሁለት ቡድን መሆን አይችልም። ከጫኞቹ መውጣት አለብኝ፤ ለመውጣት ደግሞ ያንተ እጅ ያስፈልጋል። ለአንድ ጊዜ እንኳ የራስህን እጅ ተጠቀም።»

«እፈርማለሁ።»

«አትቸኩል። አንድ ወር አለህ» አለና ቹዋን ዘጋበት።

ታንግ ያን ቀን ገጹን ከፈተ። «ዮው ቹዋን ከቡድኑ እንዲወጡ ይስማማሉ?» ይላል። ጣቱ ቁልፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ወንድሙ እስካሁን ድምፁን ባያሰማም በዚያ ገጽ ላይ ስሙ ከታንግ ስም ጎን ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱን አንድ ላይ የጻፈ ሌላ ቦታ የለም። ቁልፉን ከተጫነ ያም ያበቃል። ካልተጫነ ደግሞ አባታቸው ለሁለተኛ ጊዜ በሱ እጅ ሊጠፉ ነው። ቺን-ፋን ሌላ የሚፈልገው እንደሌለ ያውቃል፤ ወሩ እስኪያልቅ ግን ማንም አይሰርዘውም። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቹዋን ደወለ። «ፈረምክ?»

«አሳንሰር ውስጥ ሰው ተይዞ ነበር። ነገ።»

ሰኞም ደወለ። ታንግ እናታቸውን ሐኪም ቤት ወስዶ ነበር። «ምን አሉ?» ሲል ጠየቀ ቹዋን፣ ታንግም አጥንቱ እንደያዘ፣ እናታቸው ግን ከዘራ አልይዝም ብለው ነርሷን እንደተቆጡ ነገረው። «ለኔ እይዛለሁ ነው ያሉኝ» አለ ቹዋን። «ዋሽተውሃላ» አለ ታንግ። ሁለቱም ሊስቁ ትንሽ ቀራቸው።

እንዲህ ሆነ። ፋብሪካው ለምሳ ሲደውል ቹዋን ይደውላል፤ ታንግም የትኛውም ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቢሆን ያነሳል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሰበቡ በየቀኑ ይለዋወጣል። ዝናብ ነበር፤ መነጽሬ ጠፋ፤ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ። ቹዋን አላመነውም፣ አላቋረጠውምም። ፋብሪካው ግማሹን ሠራተኛ ሊቀንስ እንደሆነ ነገረው። ጉልበቱን እንደሚያመው ነገረው። አንድ ቀን ስለ ቺን-ፋ ተጨቃጨቁ፤ ታንግ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል ሲል፣ ቹዋን ስምንት ደቂቃ ካልገባማ ምን ሊሠራ መጣ አለ። ሱ-ሊን ደግሞ ለታንግ ደውላ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንተ ግን አፍስሰህም አትለቅምም። ምን ነካህ?» አለችው። ታንግ ዕድሜውን ሁሉ ለማረፍ ሲል ሲቸኩል ኖሮ አረፍ ያለው በዚያ ወር ነው። ያም ወር ደግሞ እያለቀ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር።

«ዛሬ ያበቃል» አለ ቹዋን። «እሺ፣ የዛሬው ሰበብ ምንድነው?»

ታንግ የሞተር ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ምሳውን አልከፈተውም።

«ጋሼ» አለ። አራት ዓመት እንዲህ ብሎ አልጠራውም። «አሥራ አንድ ቀን መጠበቅ እችል ነበር። ሽማግሌው ምንም አላሉም፤ ይቻላል ነው ያሉት። ሦስት ወር ሆስፒታል ወንበር ላይ ሳድር ቆይቼ ደክሞኝ ነበር። ቶሎ አልቆልኝ ልተኛ ነው የፈለግኩት። አባባን የቀበርኳቸው እንቅልፍ አምሮኝ ነው።»

በስልኩ ውስጥ የፋብሪካው ምግብ ቤት ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል።

«ይቺን ለመናገር አንድ ወር ፈጀብህ?» አለ ቹዋን።

«በመጀመሪያው ቀን ብናገራት ቶሎ እንድትተወኝ ብዬ ነበር የምናገራት።»

«እሱስ እውነት ነው።» ተነፈሰ። «ተናድጄብሃለሁ። አሁንም አልለቀቀኝም፤ ለቀቀኝ ብልህ ውሸት ነው። በል ፈርም።»

ታንግ ገጹን ከፈተና ፈረመ። የወንድሙ ስም ከስሙ ጎን ጠፋ። በቦታው አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ፤ ታንግ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «የኪሉንግ ጫኞች ከዛሬ ጀምሮ አንድ ባለቤት አላቸው። ከእንግዲህ የሁለተኛ ሰው ፈቃድ አያስፈልግም።»

«ቆይ» አለ ቹዋን። የቁልፍ መጫን ድምፅ ተሰማ። «ቺን-ፋ ገባልኝ። ሰባት ቁጥርን አንድ የማይረባ ልጅ ይዞት ነበር፤ ነጠቅኩት። ስምንት ደቂቃ አስገባዋለሁ።»

«ይደክማል ጋሼ።»

«ሲደክም እኔ አውቃለሁ። የሰው ቡድን አያገባህም» አለ ቹዋን፤ ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «አባባ እኔ ጋ ናቸው፤ እማማ አንተ ጋ። ይኸው ተካፈልን።»

ታንግ እንዲህ አይባልም ሊለው ፈለገ፤ ግን ክፍፍሉ ትክክል ነበር፣ ያመመውም ለዚህ ነው። የፋብሪካው ደወል እስኪጮህ ሁለቱም መስመሩ ላይ ቆዩ፤ ከዚያ ቹዋን ወደ ሥራው ተመለሰ።